ከእሳተ ገሞራ ሥር የሚመጣው ጋዝ

ቡራዩ ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወጣውን የአምቦ መንገድ ይዛ የተዘረጋች በመሆኗ፣ አምቦ ውሃ የጫኑ መኪኖች በደጃችን አልፈው ወደ ከተማ ይገባሉ፤ ሲመለሱም ባዶ ጠርሙስ የሞላበት ሳጥን ደርድረው ያልፋሉ። ውሃውን ይህን ያህል ብንለምደውም ጋዙ ከየት እንደመጣ ግን እምብዛም አንጠይቅም። በቅርቡ አብሬያቸው ምሳ የበላሁ አንድ ጎረቤታችን የሆኑ አባት ኮርኪውን ሲከፍቱ፣ «ልጄ፣ ይሄም እንደ ለስላሳው ነው፤ ጋዙን የሚሠሩት ሰዎች ናቸው» አሉኝ። «የለም አባባ፣ ጋዙ መነሻው ከመሬት ሥር ነው» ብዬ የጀመርኩላቸውን ማብራሪያ እዚህ በስፋት ልጽፈው ወደድኩ።

በስተደቡብ የሚታየን ወጨጫ፣ ከእሱ ወዲያ ፉሪ፣ በከተማዋ ምሥራቅ ደግሞ የረር፣ ሁሉም ከሚሊዮን ዓመታት በፊት የፈነዱ ጥንታዊ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። የሥነ ምድር ባለሙያዎች ከየረር ተነሥቶ እስከ ወለጋው ቱሉ ወለል ድረስ የሚዘልቅ የስንጥቆችና የእሳተ ገሞራዎች መስመር እንዳለ ያስረዳሉ። አምቦ የምትገኘው በዚሁ መስመር ላይ ሲሆን፣ ከእርሷ በስተደቡብ ያሉት ወንጪና ደንዲም በአናታቸው ሐይቅ ያዘሉ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። እሳተ ገሞራ መፈንዳቱን ካቆመ በኋላም ሥሩ ወዲያው አይበርድም። በጥልቁ ያለው የቀለጠ ዐለት ግፊት ሲቀንስለት በውስጡ የያዘውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ ጋዙም ስንጥቁን ተከትሎ ወደ ላይ ሲወጣ በደጋው ዘንቦ ወደ ምድር የሰረገውን ውሃ ያገኛል። ከመሬት በታች ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ ብዙ ጋዝ በውሃው ውስጥ ይሟሟል።

ለእኔ ከሁሉ የሚደንቀው ከዚህ በኋላ የሚሆነው ነው። ጋዝ የጠጣ ውሃ ደካማ አሲድ ይሆናል፤ አሲዱም በሚያልፍበት ዐለት ላይ ቀስ በቀስ እየሠራ ሶዲየም፣ ካልሲየምና ማግኒዚየም ያወጣበታል፣ ራሱም ወደ ባይካርቦኔት ይለወጣል። ስለዚህ የአምቦ ውሃ ጣዕም ከጋዙ የተለየ ነገር ሳይሆን የጋዙ የእጅ ሥራ ነው ማለት ይቻላል። እዚሁ አጠገባችን ያለው የገፈርሳ ግድብ የሚያጠራቅመው ውሃም ያው የደጋ ዝናብ ነው፤ ነገር ግን በምድር ላይ ፈስሶ የተጠራቀመ በመሆኑ ይህን ሁሉ አልቀመሰም። ልዩነቱን በዓይን ማየት የሚፈልግ ሰው ጥቂት አምቦ ውሃ በንጹሕ ብርጭቆ አድርጎ በመስኮት ላይ ይተወው። በመጀመሪያ የተረፈው ጋዝ ከብርጭቆው ግድግዳ ላይ በጥቃቅን አረፋ ይነሣል፤ እያንዳንዱም አረፋ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር እየተለቀ ይሄዳል። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ደግሞ ከታች በጣት ሲነካ የሚሻክር ነጭ ቅሪት ይቀራል፤ ይህም ከዐለቱ የመጣው ማዕድን ነው።

በጀርመን አገር አይፍል በሚባለው የእሳተ ገሞራ አካባቢ ያለው የጌሮልሽታይን ውሃም የሚፈጠረው በተመሳሳይ መንገድ ነው። ከምንጩ የወጣውን ጋዝ ለይቶ ካጣሩ በኋላ መልሶ ከውሃው ጋር ማዋሐድ በዓለም ላይ በብዙ የማዕድን ውሃ ፋብሪካዎች የተለመደ አሠራር ነው፤ ይህም የጋዙን ምንጭ አይለውጠውም።

ከእሳተ ገሞራ አገር የሚወጣ ውሃ ሁሉ ግን ይጠጣል ማለት አይደለም። በስምጥ ሸለቆአችን የሚገኙ ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይዳቸው የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ወሰን በላይ በመሆኑ የልጆች ጥርስ ይበልዛል፣ አጥንትም ይጎዳል። ጋዙም ቢሆን ሲበዛ ገዳይ ነው፦ በነሐሴ 1978 ዓ.ም. ካሜሩን ውስጥ ከኒዮስ ሐይቅ በድንገት የወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሸለቆው ተኝቶ ከ1,700 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከአየር ስለሚከብድ በዝቅተኛ ቦታ ይጠራቀማል፤ ጋዝ በሚያወጣ ምንጭ አጠገብ ወዳለ ጉድጓድ መውረድ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው።

ስለ አጠጣጡም ጥቂት ልበል። ቀዝቃዛ ውሃ ከሞቀው ይልቅ ጋዝ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ፀሐይ ላይ የዋለ ጠርሙስ ሲከፈት ገንፍሎ ይወጣና ወዲያው ይሞታል። ፕላስቲክም በጊዜ ብዛት ጋዙን በጥቂት በጥቂቱ ያሳልፋል፣ የብርጭቆ ጠርሙስ ግን አያሳልፍም። ስለዚህ ከሰፈራችን ሱቅ ስገዛ የብርጭቆውን እመርጣለሁ፤ ባለ ሱቁም ባዶውን ካመጣሁለት ማስያዣ አይጠይቀኝም። የደም ግፊት ያለበትና ጨው ቀንስ የተባለ ሰው ደግሞ በየዕለቱ የሚጠጣው ከሆነ፣ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የሶዲየም መጠን አይቶ ሐኪሙን ቢያማክር መልካም ነው፤ እኚያ ጎረቤታችንም ግፊት ስላለባቸው ይህንኑ ነግሬያቸዋለሁ።