አባይ በረሃ ውስጥ ዛጎል

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስንወርድ ጎማ ተነፈሰብን። ሾፌሩ እስኪቀይር መንገዱ የቆረጠውን ግራጫ ገደል ጠጋ ብዬ ሳይ፣ የአውራ ጣቴን ጥፍር የምታክል ዛጎል፣ መስመሮቿ ሳይቀሩ ቁልጭ ብለው ድንጋዩ ላይ ተቀምጣለች። እዚህ ምን ትሠራለች?

በጁራሲክ ዘመን፣ የዛሬ 150 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ ይህ ሁሉ ባህር ነበር፤ የሞቱ እንስሳት ቅርፊትና ጭቃ ወለሉ ላይ እየተደራረበ የኖራ ድንጋይ ሆነ። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ቀልጦ የፈሰሰ ነው። አባይ ሁለቱንም ቆርጦ አሳየን። ሲሚንቶም የሚሠራው ከኖራ ድንጋይ ስለሆነ፣ ኮንዶሚኒየማችን ውስጥ የድሮ ባህር አለ ማለት ነው (ኪራዩ ግን አልቀነሰም)።

ነቅዬ ልወስዳት አማረኝ፤ ተውኳት። ከንብርብሯ ከወጣች ዕድሜዋን ማን ያውቅላታል?

«እህቴ፣ ድንጋይ ስትቆጥሪ ልናድር ነው እንዴ?» አለ ሾፌሩ።