ሹካው ተደፍቶ፦ የፈረንሳይ የእራት ገበታ ልምምዴ

ሊዮን ውስጥ እራት ተጋብዤ በሄድኩ ቁጥር ዓይኔ የሚያርፈው ገበታው ላይ ነው። ሳህኖቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ናፕኪኑን ካውያ አልነካውም። ዳቦው ያለ ሳህን ጨርቁ ላይ ተቀምጧል። ግን የሚጎድል ነገር የለም። ጋባዧም አብራን ተቀምጣ ትበላለች፣ ትጫወታለች።

እኔ ያደግኩበት ቤት ጋባዥ የሚቀመጠው እንግዳ ከሸኘ በኋላ ነው። «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» እያለ ቆሞ ያመሻል። ያንን አልነቅፍም፤ ፍቅር ነው። ነገር ግን ከጠራኋቸው ሰዎች ጋር ቁጭ ብዬ መብላትም እፈልጋለሁ። የፈረንሳዮችን ዘና ያለ ገበታ መለማመድ የጀመርኩት ለዚህ ነው። እንግዳ መጥራት ለምትወዱ፣ እስካሁን የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ከዕቃው ልጀምር። አዲስ ሙሉ የሳህን ስብስብ መግዛት አያስፈልግም። ብርዱ ቀለል ሲል የየሰፈሩ ሰው የቤቱን አሮጌ ዕቃ መንገድ ላይ አውጥቶ ይሸጣል፤ ቪድ ግርኒዬ ይሉታል። ከሊዮን አጠገብ ቪለርባን ውስጥ ደግሞ ፑስ ዱ ካናል የሚባል ቋሚ የአሮጌ ዕቃ ገበያ አለ። እዚያ የምፈልገው የጂየን ወይም የሊሞዥ ሳህን ነው። የጂየን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1821 ጀምሮ ባለ ሥዕል የሸክላ ሳህን ይሠራል። ሊሞዥ ስመ ጥር የሆነው ደግሞ በ1760ዎቹ አካባቢው ላይ ካኦሊን የሚባለው ነጭ አፈር ስለተገኘ ነው፤ ያ ስስ ነጭ ፖርሴሊን የሚሠራው ከዚህ አፈር ነው። የምከተለው ሕግ አንድ ነው። ሥዕሉ ይለያይ፣ መጠኑና የቀለሙ ዘር ግን ይቀራረብ። የእኔዎቹ ሁሉም ነጭና ሰማያዊ ናቸው፤ ስፋታቸውም 26 ወይም 27 ሴንቲ ሜትር ነው። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሆነ ተብሎ የተመረጡ ይመስላሉ፤ ደግሞም ሆነ ተብሎ ነው።

ለውኃ የማስቀምጠው የዱራሌክስን ፒካርዲ ብርጭቆ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1954 ጀምሮ የሚሠራ፣ ወፍራም፣ ጎኑ ሸንተረር ያለው ነው። የፈረንሳይ ልጆች ትምህርት ቤት ምሳ ሲበሉ የብርጭቆውን ቂጥ ገልብጠው ያያሉ። እዚያ የታተመው ቁጥር «ዕድሜህ ነው» ይባባላሉ። አዋቂዎቹ እንግዶቼም ሳይገለብጡት አይቀሩም፤ ጨዋታ በዚያው ይጀመራል።

ጨርቁ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ገበታውን ከሁሉ በላይ የሚለውጠው እሱ ነው። የድሮ የሊነን፣ ማለትም ከተልባ ክር የተሸመነ፣ አንሶላ ግሩም የጠረጴዛ ልብስ ይወጣዋል። ብዙዎቹ ጫፋቸው ላይ የቀድሞዋ ባለቤት ስም መነሻ ፊደላት በክር ተጠልፎባቸዋል። ከጠረጴዛው ጠርዝ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ቢወርድ ይበቃል፤ ከዚያ ከረዘመ ጉልበት ላይ ይጠቀለላል። ሊነንን ካጠቡ በኋላ እርጥብ እያለ ጎተት ጎተት አድርጎ ማስጣት ነው። የቀረችው ጭምድድታ ውበቱ ናት። ናፕኪኑም ከጨርቅ ይሁን፣ ሰፊም ይሁን። የወረቀት ሶፍት ለአፔሪቲፍ፣ ማለትም ከእራት በፊት መጠጥና ቀለል ያለ ነገር ለሚቀመስበት ሰዓት ይቆይ።

አሁን አቀማመጡ። ሹካ በግራ፣ ቢላ በቀኝ፣ የቢላው ስለት ወደ ሳህኑ። ይህን ሁላችንም እናውቃለን። የፈረንሳዩ ልዩነት ሹካው መደፋቱ ነው። ጥርሶቹ ወደ ጨርቁ ያያሉ፤ የሾርባ ማንኪያም እንደዚሁ ይደፋል። እንግሊዞች በተቃራኒው ያንጋልሉታል። ምክንያቱን ለማየት ገበያ ላይ አንድ የድሮ የብር ሹካ አንስታችሁ ጀርባውን እዩ። የቤተሰቡ ዓርማ ወይም ፊደላት የሚቀረጹት እዚያ ነበር፤ ስለዚህ የሚታየው ጀርባው ነበር። ዛሬ ዓርማ ባይኖርም ልማዱ ቀጥሏል።

ሳህኑ ከጠረጴዛው ጠርዝ ሁለት ጣት ያህል ይግባ። ከአንዱ ሳህን መሐል እስከ ሌላው መሐል ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ያስፈልጋል። ጠረጴዛዬ 180 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ በየጎኑ ሦስት ሰው ይይዛል። ዳቦው ከሹካው በላይ በግራ በኩል ጨርቁ ላይ በቀጥታ ይቀመጣል። ግን ገልብጣችሁ እንዳታስቀምጡት፤ ፈረንሳዮች መጥፎ ገድ ነው ይላሉ። ዳቦ ጋጋሪዎች ለሰቃዩ የሚያስቀምጡለትን ዳቦ ለምልክት ይገለብጡት ነበር የሚል ተረትም አላቸው።

ብዙ ጊዜ የወሰደብኝና በጣም የወደድኩት ክፍል ግን የምግቡ ቅደም ተከተል ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ናይሮቢ ላይ ባደረገው ስብሰባ የፈረንሳዮችን የግብዣ ማዕድ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል። የተመዘገበው አንድ የተወሰነ ወጥ ወይም ጥብስ አይደለም። ሰው ተሰባስቦ የሚበላበት ሥርዓት ነው፤ ገበታውን ማሳመርም በውስጡ አለ። በአፔሪቲፍ ይጀመራል። ከዚያ መክፈቻ፣ ከዚያ ዓሣ ወይም ሥጋ ከአትክልት ጋር፣ ከዚያ አይብ፣ ከዚያ ጣፋጭ። ሰላጣ ካለ ከዋናው ምግብ በኋላ ነው የሚመጣው።

ይህ ቅደም ተከተል ሲገባኝ ገበታዬ ቀለለ። ሁሉም ነገር ተራ ስላለው ሁሉንም ከመጀመሪያው መደርደር አያስፈልግም። የሰላጣ ሹካ የለም፤ የዳቦ ሳህን የለም። ቢላው ቢላ ማሳረፊያ ላይ ጋደም ይልና ለቀጣዩ ምግብ ያገለግላል። የሳህኑን ትርፍራፊ ሶስ በዳቦ መጥረግም በወዳጆች መካከል ነውር የለውም። ከጎን ትንሽ ጠረጴዛ አኖርና የአይብና የጣፋጭ ሳህኖችን፣ ትንንሽ ማንኪያዎችን፣ ሁለተኛ ጆግ ውኃ እዚያ ላይ አዘጋጃለሁ። እጄን ዘርግቼ ስለማነሳው ከወንበሬ ብዙም አልነሳም።

ዋናውን ምግብ በበሰለበት ዕቃ ነው ይዤ የምቀርበው። ግራታን ዶፊንዋ፣ ማለትም በክሬም የተጋገረ ድንች፣ ከኦቨን ወጥቶ በቀጥታ ጠረጴዛው መሐል ያርፋል። ሁሉም ለራሱ ያወጣል፣ ለጎረቤቱም ያቀብላል። ታሪኩም ደስ ይላል። በነገሥታቱ ዘመን የፈረንሳይ ግብዣ ብዙ ዓይነት ምግብ በአንድ ጊዜ ጠረጴዛው ላይ የሚደረደርበት ነበር። ምግቡን አንድ በአንድ በተራ የማቅረብ ልማድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተስፋፋ ሲሆን፣ ፈረንሳዮቹ ራሳቸው የሩስያ አቀራረብ ይሉታል። የዛሬው የቤት እራት ሁለቱን ያስታርቃል። ተራው ከሩስያው፣ መሐል ላይ የሚቀመጠው ትልቅ ዕቃ ከድሮው። በአንድ መሶብ ዙሪያ ላደገ ሰው ያ መሐል ያለው ዕቃ ቶሎ ይለመዳል።

አይቡን ከመብላታችን አንድ ሰዓት በፊት ከፍሪጅ አወጣለሁ። ቀዝቃዛ አይብ ጣዕሙ ይደበቃል። ሦስት ይበቃሉ፤ የኮምቴ ቁራጭ፣ አንድ የፍየል አይብ፣ የክልላችን የሆነችው ለስላሳዋ ሴን ማርሴላን። እንደ ብሪ ያለውን ባለ ሦስት ማዕዘን አይብ ጫፉን ቆርጦ መውሰድ አይገባም፤ የሚጣፍጠው መሐሉ ስለሆነ ሁሉም ከጎኑ በቁመቱ ነው የሚቆርጠው።

የሐበሻ ጓደኞቼን በጾም ስጠራ የአይቡን ተራ አላጠፋውም፣ እተካዋለሁ። በደቡብ ፈረንሳይ፣ ፕሮቫንስ ውስጥ፣ በገና ዋዜማ ማንዲያን የሚባሉ አራት ነገሮች ይቀርባሉ፦ ለውዝ የሚመስለው አልሞንድ፣ የደረቀ በለስ፣ ዘቢብ፣ ዋልነት ወይም ሃዘልነት። በዚያው በአይብ ጣውላ ላይ ደርድሬ አቀርባቸዋለሁ። የጾም ነውና ሁሉም ያነሳል። ወይን ለማይጠጣ እንግዳም ያንኑ የወይን ብርጭቆ አስቀምጥለታለሁ፤ የወይን ፍሬ ጭማቂ ወይም ጋዝ ያለው ውኃ ይቀዳበታል። ገበታው ላይ ማንም ተለይቶ አይታይም።

አበባው አጭር ይሁን። ፊት ለፊት ያለውን ሰው ዓይን ከጋረደ ይነሳ። ቅዳሜ ጠዋት ሶን ወንዝ ዳር ካለው የሴንታንትዋን ገበያ አትክልት ስገዛ የሮዝመሪ ቅርንጫፍ እጨምራለሁ፤ በዱራሌክስ ብርጭቆ ውስጥ ያምራል። ሻማ ሽታ የሌለው፣ የሚበራውም ከመሸ በኋላ ነው።

ሰዓቱንም ተለማምጄዋለሁ። እዚህ ቤት ሲጠሩ በሰዓቱ ድርስ ማለት አይወደድም፤ ሩብ ሰዓት ያህል መዘግየት ጨዋነት ነው። ያቺን ሩብ ሰዓት ሻማ ለማብራትና ልብሴን ለመቀየር እጠቀምባታለሁ። ከዚያ ሳሎን ውስጥ ቀይ ራዲሽ ከቅቤና ከጨው ጋር፣ ትንሽ የወይራ ፍሬ። ብዙ አላቀርብም፤ ገና እራት አለ።

አሁን የምለማመደው ሰው ማስቀመጥን ነው። በፈረንሳዩ ልማድ ጋባዦቹ የሚቀመጡት ዳርና ዳር ሳይሆን በረጅሙ ጎን መሐል ላይ፣ ፊት ለፊት ነው። ከዚያ ሆኖ ሁሉም ሰው ይሰማል። የክብር እንግዳ በቀኝ ነው፤ ትልቅ ሰው ከጠራሁ ቦታው እዚያ ነው። ለሚቀጥለው እራት ስምንት ሰው ሆነን እንቀመጣለን፤ ሁለቱ ዳርና ዳር ይሆናሉ። ስለዚህ ግራታኑን በአንድ ትልቅ ዕቃ ሳይሆን በሁለት ትንንሽ እጋግራለሁ፤ ጆግም ዳቦም በየጎኑ አንድ አንድ። ማንም ላቀብል ብሎ መነሳት የለበትም፣ እኔም ጭምር።