ግንባሬ ላይ የተለጠፈችው 50 ብር

ሰው ሲወድቅ «እኔን!» ይባላል። እኔ ተሸለምኩ።

አዘዞ ነው፣ የጥር ሰርግ። በከተራ ታቦት አጅቤ እስከ ፋሲለደስ መዋኛ በእግሬ ስወርድ ጉልበቴ ምንም አላለችም። ዳሱ ውስጥ ግን የሙሽራው አጎት እጄን ያዙና «ተነሳ እንጂ፣ የጎንደር ልጅ አይደለህም?» አሉኝ። ተነሳሁ።

እስክስታ የትከሻ ነገር ነው። ትከሻዬ እስካሁን ደህና ነው። ከፊቴ ወዳለችው ልጅ ዞር ልል ስል እኔ ዞርኩ፣ ግራ እግሬ ምንጣፉ ላይ ቆሞ ቀረ። ቀጭ! የጉልበቴ ሎሚ ወደ ውጭ በኩል ወጥታ ሱሪዬ ውስጥ ጉብ አለች።

ወደቅኩ። ቤቱ በእልልታ ቀለጠ። በህመም ስንዘፈዘፍ አዲስ ስልት የመጣ መስሏቸው ሁለት ጎረምሶች አጠገቤ ተንበርክከው ይከተሉኝ ጀመር። ሙሉ ልብስ የለበሱ ሰውዬ ጎንበስ አሉና 50 ብር እንትፍ ብለው ግንባሬ ላይ ለጠፉልኝ።

ስለዚህች ብር ሌሊት ሌሊት አስባለሁ። አሮጌ ነበረች፣ ጥጓ በፕላስተር የተያያዘ። ግማሿ አንድ ዓይኔን ጋርዳለች። ሁለት እጄ ጉልበቴን ስለያዘ ላነሳት አልቻልኩም። እጮሃለሁ፣ ስጮህ ትርገበገባለች፣ ስትርገበገብ ሰው ያጨበጭባል። በመጨረሻ ከጓዳ የወጡ አንዲት እናት «ኧረ ዝም በሉ! ሎሚው ወልቋል!» ባይሉ ኖሮ መቶም በተጨመረልኝ።

ማሲንቆው ዝም አለ። ለአፍታ ብቻ። አዝማሪው ጎንበስ ብሎ አየኝና፦

ሎሚ የሚጣለው ለቆንጆ ነበረ፣
ያንተስ ከጉልበትህ ተነስቶ በረረ።

ከዚያ 50 ብሯን ከግንባሬ ላይ ላጥ አድርጎ ኪሱ ከተተ። ደንብ ነው፣ አውቃለሁ፣ የአዝማሪው ናት። ግን የወለቀው የማን ጉልበት ነው?

እናትየው እግሬን ቀስ ብለው ሲዘረጉት ሎሚዋ ራሷ ተንሸራታ ገባች። ወዲያው ክርክር ተነሳ። ግማሹ ወጌሻ ይጠራና በቅቤ ይታሽ አለ፣ ግማሹ ወለምታ ነው፣ ያልፋል አለ። ባጃጅ ተጠራልኝ። እግሬ ስለማይታጠፍ የኋላ ወንበሩን ሙሉ ያዘው። ባለባጃጁ «እግርህ የሁለት ሰው ቦታ ይዟል» ብሎ የሦስት ሰው አስከፈለኝ። እስከ ፒያሳ ድረስ ኮብልስቶኑ ባነጠረን ቁጥር በሂሳቡ አልተስማማሁም።

ሐኪሙ «ስንተኛህ ነው?» አለኝ። ሦስተኛዬ። የመጀመሪያው አስረኛ ክፍል ሆኜ ኳስ ሜዳ ላይ፣ ሁለተኛው ቁልቁለት ስወርድ። ራጅ አዘዘ። አንዳንዴ ስትወጣ የአጥንት ወይም የልም አጥንት ስባሪ ትቆርሳለች አለ። ገብታለች ተብሎ መታሸት የለም። ከዚያ አስረዳኝ፦ ሎሚዋ የጭን አጥንት ጫፍ ላይ ባለች ቦይ ነው የምትንሸራተተው። የአንዳንዱ ሰው ቦይ ጠለቅ ይላል፣ የአንዳንዱ እንደ ሰሃን ዝርግ ነው። መጀመሪያ ስትወጣ በውስጥ በኩል የሚይዛት ጅማት ይበጠሳል ወይም ይሳሳል። ከዚያ ወዲያ በሩ ላላ ማለት ነው፣ በትንሽ ነገር ትወጣለች። የጭን ጡንቻ ማጠንከር ግድ ነው። ካልሆነ ቀዶ ጥገና አለ።

አስረኛ ክፍል እያለሁስ ምን ብለውኝ ነበር? እሱንም ብለውኝ ነበር። ጭንህን አጠንክረህ፣ እግርህን ዘርግተህ፣ ቀጥ አድርገህ አንሳ። አንድ ሳምንት አነሳሁ፣ ሲሻለኝ ተውኩ።

የሚያናድደኝ ግን «አሁንም አልዳነም እንዴ?» ባዩ ነው። ማሰሪያ አድርጌ ሳነክስ ያየኝ ሁሉ ይጠይቃል። እስቲ ቦዬን እኔ ነኝ የቆፈርኩት?

ትናንት የሙሽራዋ እናት ደወሉ። ጉልበቴን ጠየቁ፣ እግዜር ይማርህ አሉ፣ ለመልሱ እንዳልቀር ጠሩኝ። «ወንበር ይያዝልሃል፣ የኔ ዓለም፣ ማንም አያስነሳህም።»

አዝማሪው ማን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ያው እሱ ነው፣» አሉ። «እንደውም የሎሚው ልጅ ይመጣል ወይ ብሎን ነበር።»