ለሳሎን ፒሲ የትኛው ሊኑክስ? እኔ ባዛይትን መረጥኩ

ሳሎን ያለው ኮምፒውተር የእኔ ብቻ አይደለም። ታናሽ ወንድሜ ጌም ይጫወትበታል። ቲቪው ደግሞ ማታ ማታ የእማዬ ነው፤ ድራማዋ ካለ ማንም አይነካውም። ስለዚህ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ስመርጥ መጀመሪያ የጠየቅኩት ይህንን ነው፦ እኔ በሌለሁበት፣ ኪቦርድ ሳይፈለግ፣ ለእኔ ሳይደወል፣ ጆይስቲክ ብቻ ይዞ መጠቀም ይቻላል ወይ? የፍሬም ብዛት ምናምን ከዚያ በኋላ ነው።

ዊንዶውስን የተውኩት ተገድጄ ነው። ማሽኑ ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው፤ ፕሮሰሰሩ የኢንቴል ሰቨንዝ ጀነሬሽን ኮር አይ ፋይቭ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ፣ ከጥቂቶች በቀር፣ በይፋ የሚቀበለው ከኤይትዝ ጀነሬሽን ወዲህ ያለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር ነው። በአንድ ጀነሬሽን ተበላሁ! ግራፊክስ ካርዱ ግን የኤኤምዲ አርኤክስ 6600 ነው፣ 8 ጊጋባይት ሚሞሪ ያለው። በዚህ የዶላር ዋጋ እንዲህ ያለ ማሽን አይጣልም፤ ስለዚህ ነጻ ወደሆነው ኦፕሬቲንግ ሲስተም፣ ወደ ሊኑክስ ዞርኩ።

“ሊኑክስ ላይ ምን ጌም አለ?” የሚለኝ ሰው አሁንም አላጣም። ቫልቭ የሚባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2018 ፕሮቶን የሚባለውን ነገር ስቲም ውስጥ (ጌም የሚገዛበትና የሚወርድበት ፕሮግራሙ ውስጥ) ከጨመረ ወዲህ ነገሩ ተቀይሯል። ለዊንዶውስ የተሠራውን አብዛኛውን ጌም አውርዶ ፕሌይ መጫን ነው። ጌሙ በዊንዶውሱ የግራፊክስ ቋንቋ በዳይሬክትኤክስ የሚያዘውን ፕሮቶን ሊኑክስ ላይ ወደሚሠራው ቫልካን እየቀየረ ለካርዱ ያቀብላል። የፈለጋችሁት ጌም ይሠራ እንደሆነ ፕሮቶንዲቢ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ እዩ፤ ተጫዋቾች ራሳቸው ደረጃ ይሰጡታል።

ወደ ምርጫው ልምጣ። አንድ ጓደኛዬ “ኡቡንቱ የሚባለውን ሊኑክስ ጫንና ስቲምን ጨምርበት፣ አለቀ” አለኝ። ለጠረጴዛ ኮምፒውተር እውነቱን ነው። ሶፋ ላይ ለተቀመጠ ሰው ግን ፓስወርድ ጠይቆ፣ ዴስክቶፕ ከፍቶ፣ ማውስ የሚያስፈልግ ነገር አይሆንም። ኖባራ የሚባለው ሊኑክስም ለዴስክቶፕ የሚመሰገን ነው፤ አልሞከርኩትም። ስቲም ዴክ (በእጅ የሚያዘው የቫልቭ ጌም መጫወቻ) ላይ ያለው ሊኑክስ፣ ስቲም ኦኤስ፣ ልቤን ስቦት ነበር። ችግሩ፣ በዋናነት የተሰናዳው በእጅ ለሚያዙ ማሽኖች ነው፤ ኤንቪዲያ ካርድ ያለው ሰውማ ባያስበው ይሻላል።

ባዛይት ፌዶራ በሚባለው ሊኑክስ ላይ ለጌም የተሠራ ነው። ድረ ገጹ ላይ የምን ማሽን እንደሆነና ግራፊክስ ካርዱ የየትኛው ኩባንያ እንደሆነ ይጠይቃችኋል፤ በመልሳችሁ መሠረት የሚጫነውን ፋይል ይሰጣችኋል። እኔ ለቲቪ የሚሆነውን መረጥኩ። ማሽኑ ሲበራ በቀጥታ ስቲም ዴክ ላይ ወደሚታየው ጌሚንግ ሞድ ይገባል። ትልልቅ ሥዕሎች፣ ትልልቅ ፊደሎች፣ ሁሉም በጆይስቲክ። ሴኪዩር ቡት (ያልተመዘገበ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለው ጥበቃ) ከበራ መጀመሪያ ላይ አንድ ሰማያዊ ስክሪን ይመጣል፤ አትደንግጡ። ቁልፉን መዝግቡ ይላችኋል፣ ፓስወርዱ “ዩኒቨርሳልብሉ” (universalblue) ነው፤ በእንግሊዝኛ፣ በትንንሽ ፊደል፣ ክፍተት የለውም። ለዚህች ኪቦርድ ተዋሱ።

ልቤን ያሸነፈው ግን አፕዴት የሚያደርግበት መንገድ ነው። እኛ ሰፈር መብራት ለመሄድ ማንንም አያስፈቅድም። ዊንዶውስ “ኮምፒውተሩን አታጥፉ” እያለ ፐርሰንት በሚቆጥርበት ሰዓት መብራት ሲሄድ ያለውን ጭንቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ባዛይት አዲሱን ሲስተም የሚያዘጋጀው የምትጠቀሙበትን ሳይነካ፣ በጎን ነው። ሙሉ በሙሉ ካለቀ በኋላ፣ ሪስታርት ስታደርጉ ወደ አዲሱ ይሻገራል። ሳያልቅ መብራት ከሄደ የድሮው እንደነበረ አለ። አንዴ አፕዴቱ እየወረደ ድርግም አለብን። መብራት ሲመጣ ወንድሜ አበራው፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ወደ ጌሙ ገባ። አዲሱ ቨርዥን ራሱ ችግር ካለበት ደግሞ ሲነሳ ከሚመጣው ዝርዝር የቀድሞውን መምረጥ ይቻላል። ሴቭ ያላደረጋችሁትን ጌም ግን ማንም አይመልስላችሁም። ለሱ ዩፒኤስ ነው።

ዳታ የሚቆጥር ሰው ሁለት ነገር ይወቅ። ዊንዶውስ ላይ ያወረዳችኋቸውን ጌሞች እንደገና ማውረድ አያስፈልግም። የስቲም ፎልደር ውስጥ ያለውን “ኮመን” የሚባል ፎልደር በሃርድ ዲስክ ገልብጡና አዲሱ ስቲም ላይ በቦታው አስቀምጡት። ኢንስቶል ስትሉ ያለውን ፋይል አጣርቶ የጎደለውን ብቻ ያወርዳል። ዲስኩን በኤንቲኤፍኤስ (በዊንዶውስ የፋይል አቀማመጥ) ትታችሁ እዚያው ላይ ልጫወት አትበሉ፤ ፕሮቶን ከኤንቲኤፍኤስ ጋር አይስማማም። ሁለተኛ፣ ስቲም ሴቲንግ ውስጥ ሼደር ፕሪካሺንግ የሚለውን (የጌሙን የግራፊክስ ፋይሎች አስቀድሞ የሚያወርደውን) አጥፉት። ጌሙ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሊንተባተብ ይችላል፤ በየጊዜው ከሚወርደው ፋይል ግን ትገላገላላችሁ።

ጆይስቲክ የፒኤስ4 ኦሪጅናል በብሉቱዝ ወዲያው ተገናኘ። ፎርጂዱ ግን በኬብልም አስቸገረኝ።

ቲቪያችሁ 4ኬ ሆኖ 120 ኸርዝ ከሆነ ግራፊክስ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር ስሙ። የቲቪ ኬብሉን ደረጃ የሚያወጣው የኤችዲኤምአይ ፎረም ኤኤምዲ ኤችዲኤምአይ 2.1ን ኮዱ ክፍት በሆነው የሊኑክስ ድራይቨር ውስጥ እንዳያስገባ እ.ኤ.አ. በ2024 ከልክሎታል። በዚህ የተነሳ ኤኤምዲ ካርድ ላይ 4ኬን በ120 በሙሉ የቀለም ጥራት ማግኘት ያስቸግራል። የኛ ቲቪ 60 ነው፤ አላስጨነቀኝም።

አሁን ወደ ቤታችን ትልቁ ጭቅጭቅ። የድሮው ፊፋ፣ የዛሬው ኤፍሲ አይሠራም። የጌሙ ሠሪ የኢኤ ጸረ ማጭበርበሪያ ከፊፋ 23 ጀምሮ ሊኑክስን በሩ ላይ ይመልሳል። ፎርትናይትና ቫሎራንትም እንዲሁ፤ አፔክስ ደግሞ ይሠራ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2024 ዘጉት። ጥፋቱ የፕሮቶን አይደለም፤ ኩባንያዎቹ ስላልፈለጉ ነው። ቤታችሁ ዋናው ጌም ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ባዛይትን እርሱት፣ ዊንዶውስ ላይ ቆዩ። እኛ ቤት ሌላው የእግር ኳስ ጌም ፒኢኤስ 2021 ይሠራል፤ ወንድሜ ግን “ያረጀ ነው” ብሎ አፍንጫውን ይነፋል። ኤፍሲ ሲያምረው ፕሌይስቴሽን ቤት ይሄዳል፣ ሒሳቡን እኔ እከፍላለሁ። ሁለተኛ ዲስክ ገዝቼ ዊንዶውስ ከመጫን ይረክሳል።