ከሐይቁ ዳር አዳራሽ ወደ መዝገብ ቤት፦ የአስተዳደር ሠራተኞች ሥልጠናን ያስተካከልኩበት መንገድ

ባሕር ዳር ውስጥ በምሠራበት ዩኒቨርሲቲ የአስተዳደር ሠራተኞችን ሥልጠና እንዳስተባብር ስመደብ፣ ሥራው አዳራሽ መያዝ፣ አሠልጣኝ መጋበዝና አበል በወቅቱ ማስከፈል ብቻ ይመስለኝ ነበር። የመጀመሪያውን ሥልጠና ያዘጋጀሁት ሰኔ ውስጥ ነው፤ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ለሥልጠና የተያዘው ገንዘብ ከዚያ በፊት ሥራ ላይ መዋል ነበረበት። ለጸሐፊዎች፣ ለመዝገብ ቤትና ለንብረት ክፍል ሠራተኞች ኤክሴል በሚባለው የሠንጠረዥ ፕሮግራም ላይ የሦስት ቀን ሥልጠና በጣና ዳር በሚገኝ አንድ አዳራሽ ተሰጠ። አሠልጣኙ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር፣ ሻይ ቡናውም አልጎደለም፤ ሆኖም በመስኮቱ በኩል ከዘጌ ማገዶ ጭነው የሚመጡ የደንገል ታንኳዎች ይታዩ ስለነበር፣ ከሰዓት በኋላ የሠልጣኙ ዓይን ወደ ውኃው መሄዱን አልክድም። በመዝጊያው ላይ የተሞሉት የአስተያየት ቅጾች ከሞላ ጎደል ሁሉም «በጣም ጥሩ» የሚሉ ስለነበሩ ሪፖርቴን በእነሱ ላይ ተመሥርቼ ጻፍኩ።

ነሐሴ ላይ አንድ የቆየ ደብዳቤ ፍለጋ መዝገብ ቤት ገባሁ። ከሠልጣኞቹ አንዷ የነበሩና ሃያ ዓመት ያህል በመዝገብ ሥራ ያሳለፉ እናት፣ ኮምፒውተራቸውን በዳንቴል ሸፍነው በትልቁ መዝገብ ላይ በእስክሪብቶ ይጽፋሉ። «እትዬ፣ ሥልጠናው አልጠቀመዎትም ማለት ነው?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ ከመዝገቡ ቀና ሳይሉ «ልጄ፣ ያንተ ኤክሴል እኮ ጳጉሜን አያውቅም» አሉኝ።

ዳንቴሉን ገልጠው አሳዩኝ። ሥልጠናው ባለቀ ማግሥት ያለፈውን ዓመት ገቢ ደብዳቤዎች መመዝገብ ጀምረው ነበር። ኮምፒውተሩ በአሜሪካ የቀን አጻጻፍ የተዋቀረ በመሆኑ ወርን ከቀን ያስቀድማል፤ እሳቸው ደግሞ እንደማንኛችንም ቀኑን ያስቀድማሉ። የካቲት 5 ብለው «5/6» ሲጽፉ ኮምፒውተሩ ሜይ 6 ብሎ ይቀበላል፤ የካቲት 15 ብለው «15/6» ሲጽፉ ግን አሥራ አምስተኛ ወር ስለማያውቅ እንደ ተራ ጽሑፍ ወደ ግራ ጠርዝ ይገፋዋል። በቀን ቅደም ተከተል ደርድር ሲሉት፣ ለምሳሌ በየወሩ በ3ኛው ቀን የገቡ ደብዳቤዎች እንደ ማርች ተቆጥረው አንድ ላይ ይሰለፋሉ፣ ጳጉሜን 3 ማርች 13 ሆና በእነሱ ጅራት ትሰካለች፣ እንደ ጽሑፍ የተቆጠሩት ሁሉ ደግሞ ከመጨረሻው ይከማቻሉ። አወቃቀሩን ለውጠን ቀኑ እንዲቀድም ብናደርግም ነገሩ አይፈታም፤ ጥቅምት 30 «30/2» ተብሎ ሲጻፍ ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን የለም፣ አሥራ ሦስተኛ ወርም የለም። ሴትዮዋ ይህን ሁሉ በራሳቸው ደርሰውበት፣ ደብዳቤ ጠፋ ተብሎ ከሚጠየቁ በደብተር መጻፉን መርጠዋል።

መፍትሔው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ቀን፣ ወርና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች እንደ ተራ ቁጥር አስገብቶ፣ መጀመሪያ በዓመት፣ ቀጥሎ በወር፣ ከዚያ በቀን መደርደር ነው። ይህ በሦስቱ ቀን ውስጥ አለመነሳቱ የአሠልጣኙ ጥፋት አይደለም፤ እሱ ያስተማረው የሰጠሁትን ርዕስ ነው። የቢሯችን ደብዳቤ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንደሚጻፍ እያወቅሁ፣ ሠልጣኞቹ በሥራቸው ላይ ምን እንደሚገጥማቸው ያልጠየቅሁ እኔ ነበርኩ። አሜሪካዊው ዶናልድ ኪርክፓትሪክ ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎች የሥልጠናን ውጤት በአራት ደረጃ ይመዝናል፤ የሠልጣኙ ስሜት፣ የቀሰመው ዕውቀት፣ በሥራው ላይ ያሳየው ለውጥና ለተቋሙ የተገኘው ውጤት። የእኔ ቅጽ የጠየቀው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር፤ ደስ ብሏችኋል ወይ ነው ያልኳቸው።

በሚቀጥለው ዓመት አዳራሽ ከመያዜ በፊት ፈቃድ ጠይቄ በየቢሮው ተቀመጥኩ። ብዙ ያየሁት በመዝገብ ቤት ነው። «ኃይሉ» የሚለው ስም በአንዱ ፋይል በ«ሀ»፣ በሌላው በ«ሐ»፣ በሦስተኛው በ«ኃ» ተጽፎ ይገኛል፤ ለእኛ ድምፁ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሦስት የተለያዩ ፊደላት ናቸው፣ ስለዚህ ፈላጊው «የለም» ተብሎ ይመለሳል። ስም በቅጥር ደብዳቤው ላይ እንደተጻፈ እንዲገባ፣ ፍለጋው ግን በፋይል ቁጥር እንዲሆን ከሠራተኞቹ ጋር ተስማማን። የንብረት ክፍሉ ጉዳይ ቀላል ነበር፤ ንብረት ሲገባ የሚሞላውን ሞዴል 19 እና ሲወጣ የሚሞላውን ሞዴል 22 የሚያስታርቅ አንድ ሠንጠረዥ በቂያቸው ሆነ።

ከዚህ በኋላ ሥልጠናውን ሰባበርኩት። ማክሰኞና ሐሙስ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ለአንድ ሰዓት ተኩል፣ እዚያው ቢሮው ውስጥ፣ ሠራተኛው በእጁ ባለው ሥራ ላይ እንዲሆን አደረግሁ። ለዩኒቨርሲቲ መምህራን የሚሰጠው የከፍተኛ ዲፕሎማ ፕሮግራም፣ ማለትም ኤችዲፒ የምንለው፣ ዓመቱን ሙሉ ከማስተማር ሥራቸው ጎን ለጎን የሚሄድና በራሳቸው ክፍል ላይ ምርምር የሚያሠራ ሆኖ ሳለ፣ ጸሐፊዋን በሦስት ቀን ጨርሰን የምንሸኝበት ምክንያት አልታየኝም። የተማሪዎች ምዝገባ የሚበዛበትን የዓመቱን መጀመሪያና የበጀት መዝጊያውን ሰኔ ተውኩ። የምስክር ወረቀቱ የሚፈረመው ሠልጣኙ በአዲሱ መንገድ የሠራውን ሲያሳይ እንጂ ስለተገኘ ብቻ እንዳይሆን ወሰንኩ።

ተቃውሞው ከሁለት በኩል መጣ። የመጀመሪያው የአበል ነው። ቢሮ ውስጥ ለሚሰጥ ሥልጠና አበል ስለሌለ «ይኼ ደግሞ ምን ሥልጠና ነው?» ያሉኝ ነበሩ፣ እኔም በመጀመሪያ ተቀይሜ ነበር። ነገር ግን የአንዲት ጸሐፊ ደመወዝ ምን ያህል እንደሆነና ያ የሦስት ቀን አበል ለልጆች ደብተርና ጫማ አስቀድሞ የተመደበ እንደነበር ስረዳ በቅያሜዬ አፈርኩ። ለዚህ እስካሁን ሙሉ መልስ አላገኘሁም፤ ያልመጡም አሉ።

ሁለተኛውን ያመጣሁት ራሴ ነኝ። ሠራተኞቹን ሳሠለጥን ኃላፊዎቹን ረስቻቸው ነበር። አንድ የክፍል ኃላፊ በሠንጠረዥ ታትሞ የቀረበላቸውን ዝርዝር «በደብተሩ ላይ ካልሆነ አልፈርምም» ብለው መለሱት፤ የሁለት ወር ሥራ በአንድ ቃል ወደ ደብተር ተመለሰ። ሄጄ ሳነጋግራቸው ያሳሰባቸው ኦዲት ነበር፤ የታተመው ወረቀት ቢለዋወጥ በማን ይጠየቃል? ጥያቄው ተገቢ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየክፍሉ የመጀመሪያውን ሰዓት የምሰጠው ለፈራሚው ነው፤ ገጽ ቁጥር፣ ቀንና ፊርማ በየኅትመቱ ላይ የት እንደሚሆን አብረን ወስነን ነው ወደ ሠራተኛው የምንሄደው።

የመዝገብ ቤቷን እናት አሠልጣኝ እንዲሆኑ ስጠይቃቸው «ዲግሪ ያላቸው ተሰብስበው እኔ ምን ልበላቸው?» ብለው ሁለት ጊዜ እምቢ አሉ። በሦስተኛው እሺ ሲሉ ያንን ትልቅ መዝገብ ታቅፈው ገቡና ለእያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ የጳጉሜን 3 ደብዳቤ ቁጥር ሰጥተው «ፈልጉልኝ» አሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ፤ ከሁሉም ኮምፒውተር የተገኘው ማርች ነው። የሳቁን ድምፅ ከኮሪደሩ ሰማሁት። እኔ በሦስት ገጽ ያዘጋጀሁትን ማብራሪያ ማንም አልፈለገውም።

ባለፈው ወር ሳልፍ ዳንቴሉ በማተሚያው ላይ ነበር፤ ደብተሩ ግን ከጠረጴዛው አልተነሳም። አሁንም ለምን በሁለቱም እንደሚጽፉ ስጠይቃቸው «መብራት የጠፋ ቀን የምንሠራበትንስ መቼ ነው የምታሠለጥነን?» አሉኝ። የሐሙሱን ክፍለ ጊዜ ለዚሁ ይዤዋለሁ፤ ባዶ ሠንጠረዦቹን አስቀድመን በወረቀት እናትማለን፣ መብራት ሲመጣ ማን ወደ ኮምፒውተሩ እንደሚገለብጣቸውም እዚያው እንወስናለን።