አራት ከተማ ይበቃል፦ ሲቪላይዜሽን 5ን እየተሸነፍኩ የተማርኩት

ሲቪላይዜሽን 5 አዲስ ጌም አይደለም፤ እንደ ፈረንጆቹ በ2010 ነው የወጣው። እኔ ግን የጀመርኩት ገና ዘንድሮ ነው። ላፕቶፔ አሮጌ ናት፣ አዲሶቹን ጌሞች ስከፍትባት እንደ ጀነሬተር ትጮሃለች። ይሄኛውን ትችለዋለች። ካርታው ሲከብዳት ኤፍ 10ን እጫናለሁ፣ ሁሉም ነገር እንደ ወረቀት ካርታ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ እሷም ዝም ትላለች። አሮጌ ኮምፒውተር ያላችሁ ይቺን ቁልፍ ያዟት።

እስካሁን አምስት ጨዋታ ጀምሬያለሁ። ሦስቱ ላይ ተሸነፍኩ፣ አንዱን አሸነፍኩ፣ አምስተኛው ተንጠልጥሏል። ሰሞኑን ሁለት ጓደኞቼ ጀምረውት፣ እኔ ያኔ የጠየቅኩትን ጥያቄ እየጠየቁኝ ነው። ለእያንዳንዱ በቴሌግራም ድምፅ ከምልክ አንዴ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

ጨዋታው በተራ ነው፣ እንደ ዳማ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 4000 ዓመት ላይ አንድ ሴትለር (ከተማ የሚቆረቁር ሰፋሪ) እና አንድ ጦረኛ ይሰጧችኋል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው የእናንተ ጉዳይ ነው። በመደበኛው ፍጥነት እስከ 500 ተራ ይሄዳል። ለመጀመሪያ ቀን ስቀመጥ ከምሳ በኋላ ነበር፣ ቀና ስል እናቴ እራት አቅርባ "ይሄ ነገር ማለቂያ የለውም?" ትላለች። "እማዬ፣ አንድ ተራ ብቻ" አልኳት። እራቱ ቀዝቅዞ ነው የበላሁት።

የመረጥኩት ኢትዮጵያን ነው፣ ሌላ ምን ልመርጥ። ኢትዮጵያ የገባችው በፈረንጆቹ 2012 በወጣው ማስፋፊያ (በጌሙ ላይ የሚጫን ተጨማሪ) ነው፣ ስለዚህ ባዶውን ጌም የጫናችሁ ብትፈልጓት አታገኟትም። መሪው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ናቸው፣ የሚናገሩትም አማርኛ ነው። የአክስቴ ልጅ ከኋላዬ ቆማ ስታይ "እንዴ! ጃንሆይ ናቸው እንዴ?" ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ከዚያ ወዲህ አማካሪዬ እሷ ናት። የኢትዮጵያ ልዩ ችሎታ "የዓድዋ መንፈስ" ይባላል። እዚህ ላይ ትንሽ ስቄያለሁ፤ ጃንሆይ የተወለዱት በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1884 ነው፣ ዓድዋ ደግሞ የካቲት 1888፣ የሦስት ዓመት ተኩል ሕፃን ነበሩ ማለት ነው። ሲቪላይዜሽን 6 ላይ ምኒልክን አምጥተዋቸዋል፣ ጥሩ አደረጉ።

ወደ ሽንፈቱ። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ ያሰብኩት ቀላል ነበር፦ ብዙ ከተማ ያለው ያሸንፋል። ባዶ መሬት ባየሁ ቁጥር ከተማ ቆረቆርኩ። ዘጠኝ ደረስኩ። ካርታው ግማሹ በእኔ ቀለም ተቀብቶ ሳየው ኮራሁ። ላይ ጥግ ላይ ያለችው ቢጫ ፈገግታ ግን ቀይ ሆና ፊቷን አኮሳትራለች። ጌጥ መስላኝ ነበር። የሕዝቡ ደስታ ማለት እሷ ናት፣ የእኔ ከዜሮ በታች 12 ገብቷል። ከተሞቼ ማደግ አቆሙ፣ ሴትለር መሥራት ተከለከልኩ፣ ከራሴ መሬት ላይ ደግሞ ዓመፀኞች ብቅ አሉ። ማንም ሳይወጋኝ ፈረስኩ።

ሒሳቡን ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ይሄን ብቻ ከያዛችሁ ግማሹን መንገድ ሄዳችኋል። አዲስ ከተማ በተቆረቆረ ቁጥር ለከተማው 3 ደስታ ይቀነሳል፣ ለእያንዳንዱ ነዋሪ ደግሞ 1። ስለዚህ አንድ ነዋሪ ያላት ጨቅላ ከተማ 4 ታስከፍላችኋለች። ሐር፣ ወርቅ፣ ቅመም የመሳሰለ የቅንጦት ዕቃ ደግሞ 4 ይሰጣል፣ ግን ለአንድ ዓይነት አንዴ ብቻ፤ ሁለተኛው ሐር ደስታ አይጨምርም፣ ለሌላ አገር ትሸጡታላችሁ። አሁን ደምሩት። እስካሁን ያልያዛችሁት ቅንጦት ያለበት ቦታ ላይ የቆረቆራችኋት ከተማ የመጀመሪያ ዕዳዋን ራሷ ትከፍላለች። አዲስ ቅንጦት የሌለበት ቦታ ላይ ከሆነ ግን ከልደቷ ጀምሮ ባለዕዳ ናት። የኔ ዘጠኝ ከተሞች በድምሩ ሦስት ዓይነት ቅንጦት ብቻ ነበራቸው።

"የት ልስፈር?" ለሚለው ጥያቄ መልሴም ከዚሁ ይጀምራል። መጀመሪያ አዲስ ቅንጦት፣ ቀጥሎ ወንዝ፣ ቀጥሎ ኮረብታ። ኮረብታ ላይ ያለች ከተማ ለመከላከልም ትመቻለች፣ ሜዳ ላይ ካለችው አንድ የሥራ ጉልበትም ትበልጣለች። ሦስቱም ባንድ ላይ ከተገኙ አታመንቱ። ዋና ከተማውን ፍለጋ ግን ብዙ አትንከራተቱ፤ እኔ አንዴ "የተሻለ አገኛለሁ" ብዬ ስድስት ተራ ዞሬ ከመነሻዬ የባሰ ረግረግ አጠገብ ሰፈርኩ።

ሁለተኛው ሽንፈት አሳፋሪ ነው፣ በአጭሩ ልለፈው። ሴትለሬን ያለ አጃቢ ላክኳት፣ ሽፍቶቹ ማረኳት። ተናድጄ ሌላ ላክሁ። እሷንም። ያ ሁሉ ተራ ባክኖ ጎረቤቶቼ ጥለውኝ ሄዱ። በዚያ ላይ መብራት ሄደና የላፕቶፔ ባትሪ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል፣ ሃያ ምናምን ተራ ተበላሁ። አሁን ቅንብሩ ውስጥ ገብቼ በየተራው ራሱ ሴቭ እንዲያደርግ አድርጌዋለሁ። እንዳትረሱ፣ በተለይ እንደኔ ሰፈር መብራት የሚቆራረጥባችሁ።

ሦስተኛው ላይ ደግሞ በጣም ሰላማዊ ሆንኩ። አራት ከተማ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ገበያ፣ ሁሉም አሪፍ። ወታደር? ሁለት ጦረኛ፣ ከመጀመሪያዎቹ ተራዎች ጀምሮ የነበሩት። ጎረቤቴ የዙሉው ሻካ ነበር። በጌሙ ውስጥ ሻካ ጎረቤት ከሆነ ይመጣል ወይ ተብሎ አይጠየቅም፣ መቼ ነው እንጂ። መጣ። ኢምፒ የሚባሉት ጦረኞቹ ከመጋጠማቸው በፊት መጀመሪያ ጦር ይወረውራሉ፣ ስለዚህ ባንድ ጥቃት ሁለቴ ትመታላችሁ። በአሥር ተራ አዲስ አበባ ተያዘች። የአክስቴ ልጅ ዝም ብላ ተነስታ ሄደች።

አራተኛውን ከመጀመሬ በፊት ቁጭ ብዬ የኢትዮጵያን መግለጫ በትክክል አነበብኩት። ከመጀመሪያው ቀን ነበር ማንበብ የነበረብኝ። የዓድዋ መንፈስ የሚለው ይሄን ነው፦ ከእናንተ የበለጠ ከተማ ካለው ሥልጣኔ ጋር ስትዋጉ ወታደሮቻችሁ 20 በመቶ ይበረታሉ። የበለጠ! እኔ ዘጠኝ ከተማ ስቆረቁር የራሴን ጉልበት በገዛ እጄ እየጣልኩ ነበር። ትንሽ ሆኖ ትልቁን መመከት ነው የአገሪቱ ጨዋታ።

ሌላውም ነገር ወደዚያው ይገፋል። "ትራዲሽን" የሚባለው የፖሊሲ ዘርፍ ውስጥ ለመጀመሪያዎቹ አራት ከተሞች የባህል ሕንፃ በነፃ የሚሰጥ አለ፣ ዘርፉን ስትጨርሱት ደግሞ ለአራቱ ውኃ የሚያመጣ ቦይ (አኩዌደክት) በነፃ። ለአምስተኛዋ የለም። ማስፋፊያዎቹ ሁሉ ከተጫኑ በመደበኛ ካርታ ላይ ከተማ በጨመራችሁ ቁጥር የእያንዳንዱ ምርምር ዋጋ በ5 በመቶ ይጨምራል። ብሔራዊ ኮሌጅ የሚባለው፣ ለምርምር ወርቅ የሆነ ሕንፃ፣ የሚሠራው ሁሉም ከተሞቻችሁ ቤተ መጻሕፍት ካላቸው ብቻ ነው። ለአራት ከተማ ቀላል ነው። ለዘጠኝ ግን ስትጠብቁ ታረጃላችሁ።

"መጀመሪያ ምን ልሥራ?" አለኝ አንዱ ጓደኛዬ። እኔ የማደርገው፦ ስካውት (መሬት የሚያስስ)፣ ከዚያ ሐውልት፣ ከዚያ ሕዝቡ ሦስት ሲደርስ ሴትለር። ሴትለር በምትሠሩበት ጊዜ ከተማዋ አታድግም፣ ስለዚህ በአንድ ነዋሪ መጀመር ራስን ማሰር ነው። ሐውልቱ የአክሱሙ ነው፣ ሌሎች አገሮች ባህል ብቻ በሚያገኙበት ቦታ ለእኛ በየተራው 2 እምነትም (ሃይማኖት የሚመሠረትበት ነጥብ) ይጨምራል። የመጀመሪያውን የእምነት ምርጫ ለማግኘት 10 ያስፈልጋል። ማለትም ሐውልቱ ካለቀ በአምስት ተራ ደረሳችሁ፣ ሌላው ገና መቅደስ ለመሥራት ሸክላ እየተመራመረ ነው። ምርጫው ሲመጣ ስሙ ያማረውን አትውሰዱ፣ መሬታችሁን እዩ። በረሃ ላይ ከሆናችሁ በረሃው እምነት የሚያመጣበት አለ፣ እኔ እሱን አግኝቼ ሃይማኖት የመሠረትኩት ከሁሉም ቀድሜ ነው።

ዎርከሮችን (መሬቱን የሚያለሙትን ሠራተኞች) በራሳቸው እንዲሠሩ መልቀቅን በተመለከተ፣ እኔ አልወደውም። ቅንጦቱ ሳይነካ እርሻ ላይ ተጠምደው አግኝቻቸዋለሁ። ቢያንስ የመጀመሪያውን 100 ተራ ራሳችሁ እዘዟቸው። የችግር ደረጃዎቹ ስምንት ናቸው፣ አራተኛው "ፕሪንስ" እኩል ሜዳ ነው፣ ከዚያ በታች ማሽኑ ለእናንተ ያዳላል። ለመልመድ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው መጀመር ነውር የለውም። እኔ በኩራት ፕሪንስ ላይ ጀምሬ ነው ያ ሁሉ የደረሰብኝ።

አሁን ጦርነቱ። አራተኛው ጨዋታ ላይ ዕድሌ ሆኖ ሻካ እንደገና ጎረቤት ሆነ። አሥራ አንድ ከተማ ነበረው፣ እኔ አራት። ሐረርን ኮረብታ ላይ ነበር የቆረቆርኳት፣ ከፊቷ ወንዝ ያልፋል። ከሷ ጎን ግራና ቀኝ ሁለት ቀስተኛ፣ ከፊታቸው ደግሞ መሽጎ የሚቀመጥ አንድ ባለጦር። በዚህ ጌም አንድ ቦታ ላይ አንድ ጦር ብቻ ነው የሚቆመው፣ ስለዚህ የጠላት ብዛት በጠባብ ቦታ ዋጋ ያጣል። ስምንት ኢምፒ መጡ። ወንዙን ተሻግሮ የሚያጠቃ ይዳከማል፣ እነሱ ደግሞ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። በየተራው ሐረር ራሷ አንድ ትተኩሳለች፣ ቀስተኞቹ ሁለት። ሦስቱንም አንድ ኢምፒ ላይ። አንድ ሙት ከሦስት ቁስለኛ ይሻላል፤ ቁስለኛው ወደ ኋላ ሄዶ አገግሞ ይመለሳልና። ባለጦሬ ሲደማ ወደ ኋላ ሳብኩት፣ ሌላ ተካሁ። በሰባተኛው ተራ ሁለት ቀሩት። ሻካ ዕርቅ ጠየቀ፣ ወርቅ ጨምሮ!

የአክስቴ ልጅ እየጮኸች ነበር። እናቴ ኳስ መስሏት "ማን አገባ?" አለች።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሰላም ሆነ። ምርምሩን ገፋሁት፣ መሀል ሰፋሪ የሚባለው የኢትዮጵያ ጠመንጃ ያዥ ሲመጣ ዳር ድንበሩን አስያዝኩት፤ ለዋና ከተማው በቀረበ ቁጥር የሚበረታ ወታደር ስለሆነ ለአራት ተጠጋጊ ከተሞች የተሠራ ነው የሚመስለው። በመጨረሻ የጠፈር መንኮራኩሩን ስድስት ክፍሎች አንድ በአንድ አዲስ አበባ አስገብቼ ገጣጠምኩና አሸነፍኩ።

አምስተኛው ከፕሪንስ አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ "ኪንግ" ላይ ነው። ተራ 143። በዚህኛው ሻካ የለም፣ ግን ከምሥራቅ የአዝቴኮቹ መሪ ሞንቴዙማ አለ፣ ትናንት ማታ ድንበሬ ላይ ወታደሩን እያሰለፈ "ዝም ብዬ እያለፍኩ ነው" አለኝ። ጎንደር ሜዳ ላይ ናት፣ ወንዝም የላትም። ወርቅ 310 አለኝ፦ ቀስተኞቹን ላሻሽልበት ወይስ ግንብ ልግዛበት? አማካሪዬ ግንብ ትላለች። እኔ ቀስተኛ። የተጫወታችሁት እስቲ ንገሩኝ፣ እስከ ቅዳሜ አልከፍተውም።