የመነሻው ድንጋይ ላይ ቆምኩ

ዛሬ የጥንቱ የኦሊምፒክ ውድድር ይካሄድበት በነበረው የግሪክ ሥፍራ፣ ኦሊምፒያ ዋልኩ። ከአቴንስ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ግን አልቆጨኝም።

የጥንት ግሪኮች ዋና አምላክ የነበረው የዜውስ ቤተ መቅደስ ፈርሷል። ያ ሁሉ ግዙፍ ዓምድ በመሬት መንቀጥቀጥ ወድቆ፣ ክብ ክብ ድንጋዮቹ እዚያው እንደተጋደሙ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2004 አንዱን ዓምድ መልሰው አቁመውታል። ውስጡ የነበረው የዜውስ ሐውልት ከወርቅና ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ነበር፤ ቁመቱ 12 ሜትር ገደማ። ዛሬ የለም።

ልቤን የነካው ግን ቀራፂው ፊድያስ ሐውልቱን የሠራበት ቤት ነው። ግድግዳው አሁንም አለ። በኋላ ክርስቲያኖች ቤተ ክርስቲያን አድርገውታል። በቁፋሮ ሲያወጡት «የፊድያስ ነኝ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ትንሽ የሸክላ ኩባያ ተገኘ። ሙዚየም ውስጥ አየሁት። ያንን የሚያህል ሐውልት የሠራ ሰው፣ ኩባያ ይዞ ውኃ ሲጠጣ ታየኝ። ከፊቱ መራቅ አቃተኝ።

ቦታውን ለዘመናት ያቆየው ደለል ነው። ወንዞቹ በጭቃ ቀበሩት፤ ጀርመኖች እ.ኤ.አ. በ1875 ሰፊ ቁፋሮ እስኪጀምሩ ድረስ።

ከዚያ በድንጋዩ ቅስት ሥር አልፌ ወደ ስታዲየሙ ገባሁ። መቀመጫ የለውም፤ ሣር የለበሰ ተዳፋት ብቻ። ሩጫው 192 ሜትር ነበር። የመነሻው ድንጋይ ላይ ለጣት መያዣ የተፈለፈሉ ሁለት መስመሮች አሉ። እዚህ የሚሮጡት በባዶ እግራቸው ነበር። አበበ ቢቂላ ትዝ አለኝ፤ ሮም፣ 1960፣ በባዶ እግሩ።

ጫማዬን አወለቅኩና ጣቶቼን መስመሩ ላይ አሳረፍኩ። ድንጋዩ በፀሐይ ሞቋል። ብዙ ቆየሁ።